አኻያዋ ሳትታለፍ

ሄስተር ጎህ ሲቀድ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣
ሜዳውን ትወጣለች ጤዛውን ሰንጥቃ።
ሜዳ ካሉት ነው እንጂ፣ የተላጨ ዳገት፣
በግ የሚግጥበት፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት፤
ርዝመቱ ቢሞላ አራት መቶ ሜትር ነው፣
ከጫፉ ወዲያ ያለው ኮረብታ ብቻ ነው።

በዱላዋ መሬቱን እየወጋጋች፣
የላላ አፈር ስታገኝ ኖራ ትረጫለች፤
የጥንቸል ጉድጓድ በድንጋይ ትደፍናለች፣
በጎቹን ቆጥራ ከሽቦው ወዲያ ትዘጋለች፤
አንዷ ከጎደለች ፍለጋ ትወጣለች፤
«የጎደለችው ናት ጎማ ሥር የምትገባ» ትላለች።

እኔ ጫኚ ነኝ። በኦታጎ ኮረብቶች
የሬዊን አውሮፕላን አንድ ቶን ማዳበሪያ
በአንድ ጉርሻ የማጎርሳት፤
ስድስት ደቂቃ በርራ ባዶዋን ስትመለስልኝ
ደግሜ የማጎርሳት።

ነፋሱን የሚነግረን የፈርገስ እጅጌ ነው፤
ሄስተር ከወንድሟ ሸሚዝ ቆርጣ የሰፋችው፣
ብርቱካን ቀለም ነክራ ምሰሶ ላይ የሰቀለችው።
ክንድ የለበትም፤ ነፋስ ሲሞላው ግን ክንድ ያወጣል፤
ወደ ሸለቆው ከተዘረጋ «ና፣ ግባ» ይላል፤
ወደ ኮረብታው ከተዘረጋ...
ፈርገስ ያን ቀን እንዲህ የሚለው አልነበረውም።

ከሜዳው ግርጌ አንዲት አኻያ አለች፤
የዳገቱ ሕግ ሁሉ በእሷ ጥላ ያልቃል፦
አኻያዋ ሳትታለፍ አብራሪው ይወስናል፤
ከታለፈች ወዲያ ኮረብታው ይወስናል።
ፈርገስ የወሰነው ካለፋት በኋላ ነው።
እዚያው አረፈ፤
ሰሙና ወርቁ አንድ ላይ ተቀበረ።
የተጣመመው ፕሮፔለር ዛሬ የበጎቹ በር መደገፊያ ነው፤
ሄስተር በሩን በከፈተች ቁጥር በእጇ ትነካዋለች፣
ምንም አትልም።

የበጋው ማለቂያ ነበር። ነገ ዝናብ ብሏል ራዲዮው።
አሥራ አንድ ጉርሻ ሄዶ አንድ ቀርቶናል፤
አንድ ብቻ! ባልዲውን ሞልቼ፣ ዓይኔን ሸለቆው ላይ ተክዬ፣
(የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይሄን ማን ያጣዋል?)
ነፋሱ ተገለበጠ።
እጅጌው ወደቀ፣ ተንጠለጠለ፣
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው፣
ኮረብታውን ጠቆመ።

ሬዊ ዝቅ ብሏል፤ የጎማውን ጭቃ አየሁት፤
በልቤ «ና! ግባ! አንድ ጉርሻ!» አልኩት፤
ሞተሩ ጮኸ።
የግራ ክንፉን ደፍቶ፣ ሸለቆውን አቅፎ ዞረ፣
አኻያዋን ሳያልፍ በመጣበት በረረ።

ባልዲዬ ሙሉ ቀረ። ተሳደብኩ፤ አልዋሽም።
ሄስተር ባርኔጣዋን አውልቃ፣
ሰማዩ ላይ ነጥብ እስኪሆን ቆማ ሸኘችው።
«ሠላሳ ዓመት በዚህ ሜዳ ሲያርፉ አይቻለሁ፤
እንደዚህ ያማረ ማረፍ ግን አላየሁም» አለች።
«አላረፈም እኮ!» አልኳት።
«ቤቱ ያርፋል» አለች፤ በሩን ከፈተች፤
ፕሮፔለሩን ነካችው።

ማታ ስልክ ጮኸ። «ጫኚዬ ተቆጣ?» አለ ሬዊ።
«ይበርድለታል።»
ስልኩን ዘግታ ከመሳቢያ ያን ሸሚዝ አወጣች፤
የቀኙ እጅጌ ምሰሶው ላይ ተተልትሎ አልቋል፣
የግራው ገና ነው፤ ቁልፉ እንኳ አለ።
መቀሱን ይዛ ትንሽ ቆየች፣
ቆረጠች።

ዝናቡ እንደተባለው መጣ።
ማዳበሪያው አራት ቀን ሸራ ሥር ተኛ፣
እኔም አራት ቀን ያለ ደመወዝ።
በአምስተኛው ጠዋት አዲሱ እጅጌ
ቁልፉን እያብለጨለጨ ወደ ሸለቆው ተዘረጋ፤
ከሩቅ ሞተር ተሰማ።
«መጣ!» ብዬ ጮህኩ።
ሄስተር ቀና አላለችም፤
ገና በጎቹን እየቆጠረች ነበር።